ጎበዞቹ የሳቱት ጥያቄ

የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ መምህራን በዲጂታል መሣሪያ እንዲያስተምሩ በሚያግዘው ክፍል ነው። ዋናው ሥራችን የሙድል ስልጠና መስጠት ነው። ሙድል እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ እስከ ዛሬ በነፃ የሚገኝ የማስተማሪያ ሲስተም ነው።

ስልጠና ስንጠራ ሁሉም ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ሰርተፍኬቱን ይወስዳል። ሴሚስተሩ ሲጀመር የኮርሶቹን ገጽ ስንከፍት ግን ያው ነው፤ አንድ ፒዲኤፍ ብቻውን ቁጭ ብሏል። የዘንድሮ ይሁን የካቻምና አይታወቅም።

አንድ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር ደግሞ ፒዲኤፉንም አልጫኑም። «በቾክ አስተምሬ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ክፍላቸው ሁሌም ሙሉ ነው።

አንድ ቀን ራሳቸው ቢሯችን መጡ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዝቶ እርማት አስመርሯቸዋል።

«ይሄ ነገራችሁ ምርጫ ጥያቄ ያርማል አሉ?»

«ያርማል ዶክተር።»

ጥያቄዎቹን አብረን አስገባን። ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ክፍል ተፈተኑ፣ ውጤቱ ወዲያው ወጣ። ዶክተሩ አመስግነው ሊሄዱ ሲሉ የፈተናውን ስታትስቲክስ ከፈትኩላቸው። ሙድል እያንዳንዱን ጥያቄ ስንት ከመቶው እንዳገኘው ያሳያል። በአጠቃላይ ውጤት ከፍ ያሉት ተማሪዎች ጥያቄውን ከደካሞቹ በተሻለ መልሰውት እንደሆነም በቁጥር ያወጣል። ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ከወረደ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

አንዱ ላይ ወርዶ ነበር። ጥያቄው መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ኳሶች፣ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል፣ ከእኩል ከፍታ ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ መሬት ይነካል የሚል ነው። መልሱ «እኩል» ተብሎ ተሞልቷል። ጎበዞቹ ግን «ከባዱ» ብለዋል።

ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«የአየር ግጭት የለም ብላችሁ አስቡ አላልኩማ!»

አየር ካለ በርግጥም ከባዱ ይቀድማል። ጎበዞቹ አየሩን አስበውበታል።

«ይህቺን ጥያቄ እኮ በየዓመቱ ነው የምፈትናት» አሉ፣ ግማሽ በሳቅ፣ ግማሽ በድንጋጤ። ሁለቱንም መልስ ትክክል አድርገን እንደገና እንዲያርም አዘዝነው። የሁሉም ነጥብ እዚያው ተስተካከለ። ወረቀት ቢሆን ያን ሁሉ ክምር ማን ደግሞ ያገላብጣል?

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበሉት «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብለው ሲያምኑ ነው ይላል። ከሁለቱ ጠንክሮ የተገኘው ጥቅሙ ነው። ስልጠና የሚባለው ግን በአብዛኛው «ይሄን ተጫኑ፣ ያንን ክፈቱ» ነው። ጥቅሙ የሚነሳው በመክፈቻ ንግግር ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አይሰማውም።

አሁን ለስልጠና የሚመጣ መምህር የድሮ ፈተናውን ይዞ ይመጣል። እሱኑ አስገብተን እንጀምራለን። ዶክተሩም የጥያቄ ባንካቸውን እየሞሉ ነው። የሌክቸር ኖታቸውን ጫኑ ስንላቸው ግን አሁንም በጄ አይሉም።

«ኖታውን ከጫንኩትማ ማን ክፍል ይመጣል?» ይላሉ። እሱ ላይ ገና እየተከራከርን ነው።