ነጣሪው ቦምብ በመስታወት ገንዳ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወዳጆች። ሰሞኑን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል የጀርመን ግድቦችን ውሃ ላይ በሚነጥር ቦምብ የደበደበበትን ዘመቻ በትንሽ ሞዴል መልሶ በመሥራት ተጠምጃለሁ። ያነሳሳኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ለብሪታንያው ቻናል 4 የተሠራው ዶክመንተሪ ነው። የካምብሪጁ መሐንዲስ ሂው ሃንትና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ሐይቅ ላይ፣ ከአሮጌ ዲሲ-4 አውሮፕላን የቦምቡን አምሳያ ጥለው ውሃ ላይ አስነጠሩት። እኔም እጄን በላኝ።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1943 ሌሊት 19 ላንካስተር የተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ተነሱ። ከዒላማዎቹ አንዱ በሆነው ሞኔ ግድብ ፊት ቶርፒዶን (ውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) የሚያግድ መረብ ተዘርግቷል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ባርንስ ዎሊስ መላ ዘየደ፦ መረቡን በነጥር የሚያልፍ፣ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን በርሜል መሳይ ቦምብ። ከመጣሉ በፊት በደቂቃ 500 ዙር ወደ ኋላ ይሽከረከራል። የሚጣለው ከውሃው 18 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው።

ሞዴሌ 25 ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቦምቡ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ፍጥነቱ ግን በ25 አይካፈልም። ስበት ስለማይቀንስ የሚካፈለው በ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ5 ነው። ሽክርክሪቱ ደግሞ በ5 ይበዛል፤ በደቂቃ 2,500 ዙር ይሆናል። ይህን ትራፓኖ ይችለዋል። ሞዴል ለምትሠሩ ሁሉ ይህችን ስሌት ያዙልኝ፤ የውሃው ገጽና ስበት ወሳኝ በሆኑበት ሞዴል ላይ ትሠራለች።

የጀመርኩት ከመጨረሻው ክፍል ነው፤ ቦምቡ ግድቡን ከነካ በኋላ ካለው። በመስታወት ገንዳ አንድ ጎን ሸካራ ግድግዳ አቆምኩ። ቦምቡን በትራፓኖ አሽከርክሬ ውሃው ላይ ወደ ግድግዳው ለቀቅኩት። ሳይሽከረከር ሲመታ ተመልሶ ይርቃል፤ ከዚያም አዘንብሎ ይሰምጣል። ወደ ኋላ ሲሽከረከር ግን ግድግዳው ላይ ልጥፍ ይላል። ግድግዳውን የሚነካው ጎኑ ወደ ላይ እየዞረ ሰበቃው ቦምቡን ቁልቁል ይገፋዋል፤ ዙሪያው ያለው የውሃ ፍሰትም ወደ ግድግዳው ይጎትተዋል። በስሎሞሽን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብዙ ሰው ስለ ነጥሩ ብቻ ነው የሚያወራው። ለእኔ ግን የዎሊስ ብልሃት እዚህ ጋ ነው። ፈንጂው 9 ሜትር ጥልቀት ላይ ግድቡን ተጠግቶ ሲፈነዳ ዙሪያው ያለው ውሃ ኃይሉን ወደ ግንቡ ይመልሰዋል። በሞዴሌ ይህ 36 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ገንዳዬም ይበቃዋል።

ቪዲዮውን ሳቀናብር ግድቡ ሲሰበር ላይ አላቆምም። ሞኔና ኤደር የተባሉት ግድቦች ሲፈርሱ ጎርፉ 1,600 ገደማ ሰው ገድሏል። አብዛኞቹ በግዳጅ ሥራ የተያዙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከአብራሪዎቹና ከባልደረቦቻቸውም 53ቱ ሞተዋል። ይህ ካልተነገረ ሥራው ጎደሎ ነው።

ቀጣዩ ማስወንጨፊያው ነው። በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልገኛል፤ ሽክርክሪቱም ሳይዛባ መውጣት አለበት። በታመቀ አየር ለመሞከር አስቤያለሁ። ከእናንተ የሞከረው ካለ ቫልቩን እንዴት እንደገጠመው ይንገረኝ።