ዩሪያ የጠጣው ረድፍ

ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የባሕር ዳር ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አፈር ያቆየውን ዘር እንፈትሽ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው። ከቁጥቋጦ መሬት የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ታመጣለህ፣ ታደርቃለህ፣ ትነፋለህ፣ በትሪ ውስጥ በታጠበ አሸዋ ላይ ስስ አድርገህ ትዘረጋለህ። ከዚያ በየቀኑ እያጠጡ የበቀለውን እየለዩ መንቀልና መመዝገብ ነው። ቁጥቋጦው ነገ ቢመነጠር ወይም ቢቃጠል ከመሬቱ ምን ሊነሣ እንደሚችል የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የእኛ አፈር የመጣው ክትክታና አጋም ከሸፈነው ተዳፋት ነበር። ከተዳፋቱ አናት የበቆሎ ማሳ አለ።

በፋሲካ ሰሞን ሁላችንም ወደየቤታችን ስንሄድ ጣቢያው «አያ» ለምንላቸው አዛውንት ጠባቂ ቀረ። ስንመለስ በበሩ በኩል ያለው ረድፍ ከሌላው ተለይቶ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። አያ ሳይጠየቁ ተናገሩ፦ «ልጆቼ፣ ቢጫ ሆኖ አየሁትና አሳዘነኝ። ለቡና ችግኝ የማደርገውን አደረግሁለት።» አንድ እፍኝ ዩሪያ በማጠጫው አሟሙተው ነበር።

«ይደፋ!» አለ ኃላፊያችን። አልተሳሳተም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በሄክታር 100 ኪሎ የሚበትን ገበሬ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚያደርሰው 10 ግራም ብቻ ነው። የአያ እፍኝ ግን ስንት ግራም እንደነበረ፣ ለየትኛው ትሪ ምን ያህል እንደደረሰ ማን ይመስክር? እንዲህ ያለ ውጤት ለጽሑፍ አይበቃም። አንዲት ባልደረባችን ግን «መድፋቱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ እንቁጠረው» ብላ አሻፈረኝ አለች፤ እኔም ከእርሷ ጋር ወገንኩ።

በንጹሑ ረድፍ የክትክታው ቡቃያ ቀጫጭን ቅጠሎቹን ዘርግቶ፣ በመካከሉ ጥቃቅን አበባማ ዕፅዋት ፈንጠር ፈንጠር ብለው ይታያሉ። በአያ ረድፍ ሙጃና አሉማ ትሪውን ሞልተውታል። ሙጃውን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ያገኘሁት ክትክታ ብርሃን አጥቶ ነጥቷል፣ አንገቱም ተጣሟል። አፈሩ ግን ከአንድ ጆንያ የወጣ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ለብዙ የአረም ዘሮች፣ አሉማን ጨምሮ፣ ዩሪያው አፈር ውስጥ የሚለወጥበት ናይትሬት ራሱ የመብቀያ ምልክት ነው፤ የዘር ላቦራቶሪዎችም እንቢ ያለን ዘር ለማንቃት ፖታሲየም ናይትሬት ይጠቀማሉ። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ፈጣኑ ሣር ቁጥቋጦውን ጋርዶ በዓመቱ ዘሩን አራግፎ ይሄዳል። ክትክታ ቅርፊቱ ጠጣር የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚነቃ ዘር አለው፤ እናቱ ተክል ስትመነምን የሚተካው ያጣል። ላዩ ገና ቁጥቋጦ ሆኖ ሳለ ጎተራው በሌላ እህል ይሞላል።

በደቡብ ካሊፎርኒያ የቁጥቋጦ መሬቶች የሚታየው ይኸው ነው። እዚያ ናይትሮጅኑ ከሎስ አንጀለስ መኪኖች ጭስ ወጥቶ ከአየር ይወርዳል፤ ከሜዲትራኒያን አካባቢ የገቡ ዓመታዊ ሣሮች በእርሱ ይፋፋሉ፣ በበጋ ደርቀው እሳት ይጠራሉ፣ ከእሳቱ በኋላም ከአፈሩ የሚነሣው በብዛት የእነርሱ ዘር ነው። የእኛ ከሰማይ ሳይሆን ከማሳ የሚሻገር ነው፤ በጎርፍና በብተና።

ለእኛ ይህ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። ዕቅዱ ተዳፋቱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ በራሱ እስኪያገግም መጠበቅ ነበር። የአገራችን ደጋ ደን ዛፎች አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ዘር እንደሌላቸው በጥናት ከታወቀ ቆይቷል፤ ተስፋችን ቁጥቋጦው ላይ ነበር። ስለዚህ ከማሳው ጠርዝ የተወሰደውን አፈር ለብቻው ፈተሽነው። ዩሪያ ማንም አልነካውም፣ ግን ሙጃ በሙጃ ሆነ። ታችኛው ክፍል ይጠበቅ፣ ለማሳው የቀረበው ላይኛው ግን ችግኝ ይተከልበት፣ ሙጃውም ዘር ሳይዝ ይታጨድ ብለን ዕቅዱን አስቀየርን።

ገበሬዎቹ አጨዳውን ወዲያው ተቀበሉ፤ ሙጃ ለከብት ጥሩ መኖ ነው። ከማሳው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ማዳበሪያ አትበትኑ ስንል ግን ስብሰባው ተንጫጫ። «በዚህ ዋጋ የገዛነውን ማዳበሪያ ለቁጥቋጦ የምንበትን ይመስላችኋል? ጎርፉን አቁሙት!» አሉን አንድ አባት። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ከጠርዙ በላይ እርከን ለመሥራት በጀት እየጠየቅን ነው።