ምች ያልሆነው ውሃ ቋጠሮ

የልጅ ቆዳ በድንገት ውሃ ሲቋጥር ሐበሻ ቤት ቀድሞ የሚነገረው «ምች ነው» የሚል ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል። ወገብ ላይ ከወጣ ደግሞ «አልማዝ ባለጭራ» ይባላል። ሊኒየር አይጂኤ የሚባለው ሕመም ግን ከሁለቱም አይደለም። በሽታ ሊከላከል የሚገባው አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው የሚያያይዘውን ስስ ንጣፍ ያጠቃና ቆዳው ይላቀቃል። ተላላፊ አይደለም፤ ልጁን ከወንድም ከእህቱ አትለዩት።

ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይጀምራቸዋል። በታችኛው ሆድ፣ በብሽሽትና በአፍ ዙሪያ ይወጣል፤ የቆየው ሲደርቅ ዳሩን ተከትሎ አዲስ ስለሚቋጥር እንደ ጨሌ ክብ ይሠራል። አዋቂን አንዳንዴ መድኃኒት ይቀሰቅስበታል፤ በተለይ ሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው ቫንኮማይሲን። በቅርብ ሳምንታት የተወሰደውን ሁሉ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውንም ጭምር፣ ጽፋችሁ ሂዱ።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው ለምርመራ በሚወሰደው የቆዳ ናሙና ላይ ነው። ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋል። አንዱ ከአዲስ ቋጠሮ ጠርዝ ተወስዶ ፎርማሊን የሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ከቋጠሮው አጠገብ ካለው ደህና ቆዳ ይወሰዳል፤ እሱን ፎርማሊን ከነካው አይጂኤውን የሚያሳየው ምርመራ (ኢሚዩኖፍሎረሰንስ) ይበላሻል። «ለኢሚዩኖፍሎረሰንስም ይወሰዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ የሕክምና አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ትልቁን ልጅ አታስተርጉሙት።

ዋናው መድኃኒት ዳፕሶን ነው። አገር ቤት በሥጋ ደዌ መድኃኒትነቱ ስለሚታወቅ አትደንግጡ፤ ልጁ ሥጋ ደዌ የለበትም። ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን አዲስ መቋጠሩ ይቀንሳል። ከመጀመሩ በፊት ግን የጂ6ፒዲ የደም ምርመራ ግድ ነው፤ ይህ ኤንዛይም ያነሰው ሰው ዳፕሶን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሱ በብዛት ይፈርሳል። ውጤቱ ደህና ቢሆንም ሄሞግሎቢን በመጠኑ ይወርዳልና መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ የሚታዘዘውን የደም ቆጠራ «ቁስሉ ጠፋ» ብላችሁ አትተዉት። ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ምላስና የከንፈር ውስጥ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከተለወጠ (በጠይም ቆዳ ላይ ከውጭ አይለይም) ያኑ ቀን ሐኪም ይየው። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ከሽፍታ ጋር ከመጣም እንዲሁ።

ዓይን ከቀላ ወይም ከቆረቆረ የዓይን ሐኪም ይጨመር፤ ጠባሳ ጥሎ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። የቋጠሮውን ሽፋን አትላጡ፤ ከሥሩ ላለው ቁስል ፋሻው እሱ ነው። ቫዝሊን ቀቡና በማይጣበቅ ጨርቅ ሸፍኑት። ቁስሉ ሲድን የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል፤ ሕመሙ ራሱ ግን አብዛኞቹን ልጆች ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርሱ ይለቃቸዋል።