ከብራማል ሌን እስከ ኤድሊንግተን፦ በአርተር ዎርተን ዱካ

እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ የሄድኩት ለአንድ በረኛ ብዬ ነው። አርተር ዎርተን ይባላል። በ1865 በዛሬዋ ጋና፣ አክራ ውስጥ፣ ጄምስታውን በሚባለው ሰፈር ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1882 እንግሊዝ የገባው ሚሲዮናዊ ሊሆን ነበር። ስፖርት ግን ነጠቀው።

በ1886 ለንደን፣ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ 100 ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጦ የእንግሊዝ አማተሮች ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱም ደገመው። እንዲህ የሚፈተለክ ሰው እንዴት በረኛ ይሆናል? ያኔ በረኛ በራሱ የሜዳ አጋማሽ የትም ቦታ ኳስ በእጁ መንካት ይችል ነበር። ሕጉ የተቀየረው በ1912 ነው። ስለዚህ ፍጥነት ለበረኛ ትልቅ ሀብት ነበር። ዎርተን ደግሞ ኳስ ሲመታ ቡጢው ከባድ ነው። የጎሉ አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ቀለባት ብለው ያዩት ሰዎች አውርተዋል።

ለፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ክለብ ተሰልፎ በ1887 የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ ለሩጫው ብሎ ለቀቀ። ፕሬስተን ወዲያው በ1888–89 ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ ዋንጫውንም አንድም ጎል ሳይገባበት ወሰደ። ይህን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

በ1889 ለሮዘራም ታውን በክፍያ መጫወት ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች ተብሎ የሚታወቀውም በዚህ ነው። በ1894 ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ መጣ። የክለቡ ስታዲየም ብራማል ሌን በር ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለዚያ ዓመት ነው። ክለቡ በዚያው ሰሞን ዊልያም ፎልክ የሚባል ሌላ በረኛ አስፈረመ። የ20 ዓመት ጎረምሳ፣ ግዙፍ፣ በኋላም ለእንግሊዝ የተሰለፈ። ዎርተን ሠላሳ ሊሞላው ነው። ተጠባባቂ ሆነ። ቢሆንም በ1895 ሰንደርላንድን ሲገጥሙ፣ ያኔ ከፍተኛው ሊግ በነበረው በአንደኛ ዲቪዚዮን ተሰልፏል። ከዚያ ትናንሽ ክለቦች ተቀባበሉት። በ1902 ስቶክፖርት ካውንቲ ላይ አበቃ።

በማግስቱ ወደ ኤድሊንግተን ወጣሁ። ከዶንካስተር አጠገብ ያለች የከሰል ማዕድን መንደር ናት። ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ዎርተን እዚህ ዮርክሻየር ሜይን በሚባለው ማዕድን ማውጫ ከሰል በማጓጓዝ ይሠራ ነበር። የአገሩን ፈጣን ሰው መሬት ውስጥ ከሰል ሲያመላልስ ማሰብ ይከብዳል። ማውጫው በ1985 ተዘግቷል።

በታኅሣሥ 1930 በ65 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ላይ ስሙን የሚናገር ምንም ነገር አልነበረም። ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው፤ 67 ዓመት ቆይቶ። ያቆመውም ሼፊልድ ውስጥ በኳስ አማካይነት ዘረኝነትን የሚታገል ድርጅት ነው። መካነ መቃብሩ ዘንድ ስደርስ ካፊያ ነበር። ሣሩ ጫማዬን አበሰበሰው። ድንጋዩ ፊት ቆሜ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከእሱ ዙሪያ ያሉት መቃብሮች የማዕድን ሠራተኞች ይመስሉኛል። ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ማዕከል፣ ሴንት ጆርጅስ ፓርክ፣ ትልቅ ሐውልት አለው። ይገባዋል። ግን እዚያ የቆመው በረኛው ብቻ ነው። ሠራተኛውንም ማየት የሚፈልግ ሰው ኤድሊንግተን ይምጣ። ከሼፊልድ በባቡር ዶንካስተር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል።