ከሐበሻ ቀሚሴ ስር

እሁድ ማታ ነው። የክር ሳጥኔን ከፍቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ፊቴ የተዘረጋችው ለመኝታ የምትለበስ የማታ ቀሚስ በዕድሜ ሳትበልጠኝ አትቀርም። የቀኝ ማንገቻዋ ሊበጠስ ጥቂት ነው የቀረው።

ነገሩ የጀመረው አምና ለዘመን መለወጫ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ የሐበሻ ቀሚስ ላከችልኝ። ሸማው ስስ ነው፤ ብርሃን ፊት ከቆምኩ ሁሉን ያሳያል። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝም "ልክሽ ሆነ ወይ?" ብላ አይደለም። "ከስር የምትለብሺው አለሽ?" ነው ያለችኝ። አልነበረኝም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። ያገኘሁት ሁሉ ሆድ ለመጭመቅ የተሠራ ነው፤ አንዱን ለክቼ መተንፈስ አቃተኝ። እኔ የፈለግሁት ለስለስ ብሎ የሚወርድ፣ ሰውነት የማያስጨንቅ የውስጥ ቀሚስ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘኋት እዚህ ስሪፍት ስቶር የሚሉት ሰልባጅ ቤት ነው። በ4 ዶላር። ክሬም ናይለን ናት፤ ደረቷና ግርጌዋ ዳንቴል። ቤት ስገባ እንደ ልማዴ ገልብጬ ስፌቷን አየሁ። ሥራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ልብስ ማስተካከያ ቤት ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ወገብ አጠባለሁ። የዛሬ ልብስ ከውስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ብዙው ክሩ የተንጨባረረ ነው፤ አንዱን ጫፍ ከሳቡት ስፌቱ ተተርትሮ ያልቃል።

ይቺ ግን ሌላ ናት። ዳንቴሉ ከናይለኑ ጋር የተያያዘው ጥቅጥቅ ባለ ደቃቅ ዚግዛግ ነው። ከዳንቴሉ ጀርባ የነበረው ናይለን ደግሞ የአበባውን ጠርዝ ተከትሎ ተቆርጦ ወጥቷል። መቀሱ ትንሽ ቢስት ዳንቴሉ አብሮ ይቀደዳል። አልሳተም። ግርጌዋን ዙሪያውን በጣቴ ተከተልኩት፤ አንድም ቦታ አልሳተም። ማንም ለማያየው ልብስ! መኝታ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ለረጅም ጊዜ ስፌቷን ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ የጎን ስፌቷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት አገኘሁ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ። የዓለም አቀፉ የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር ምልክት ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ማኅበሩ የተቋቋመው በ1900 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአባላቱ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የመጡ ስደተኛ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ይህቺ ባለ ሦስት ቀለም ምልክት ልብስ ላይ የተሰፋችው ከ1974 ጀምሮ ነው፤ በ1995 ማኅበሩ ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሃደ። ቀሚሴ የተሰፋችው በእነዚያ ዓመታት መሀል ነው ማለት ነው። የሰፋቻትን ሴት ስም አላውቅም። እጇን ግን አወቅሁት።

ከዚያ በኋላ መግዛት አላቆምኩም። ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አራት የውስጥ ቀሚስ፣ ሁለት የማታ ቀሚስና አንድ የቤት ጋውን አለ። ጋውኗ ሮዝ ናት፣ እንደ ብርድ ልብስ በጥጥ ተሞልታ የተሰፋች። እንዴት እንደሚታጠብ የሚናገር ጽሑፍ የላትም። አሜሪካ ውስጥ ልብስ ላይ የአጠባበቅ መመሪያ እንዲኖር የተደነገገው ከ1972 ጀምሮ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ተቆርጦ ካልወጣ በቀር ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ስፌቱ ላይ የክር ቅሪት ይኖር ነበር። አጉልቼ ፈለግሁ፤ የለም።

የሰው ፓንትና ጡት መያዣ አልገዛም። እሱ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። የውስጥ ቀሚስና የማታ ልብስ ግን ታጥቦ ይጸዳል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የደረት ልክ ነው በኢንች፤ 34፣ 36 እያለ ይሄዳል። እኔ ግን ሜትሬን ይዤ ነው የምሄደው፤ አሮጌ ልብስ በቁጥሩ አይታመንም። ላስቲኩን እስበዋለሁ፤ ተንጣጥቶ ካልተመለሰ ደርቋል፣ መቀየር ይቻላል። ብል የበላው ሐርን ግን እዚያው እተወዋለሁ። ቢጫ የሆነ ነጭ ናይለን በረኪና አላስነካውም፤ በረኪና ይባስ ቢጫ ያደርገዋል። የኦክስጅን ማንጫ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በጥብጬ ሌሊቱን እዘፈዝፈዋለሁ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ግን ዛሬ የለችም። ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚሴን በጥጥ ሙቀት ተኮስኩና ካውያውን ሳላበርደው እሷን ቀጠልኩ። ናይለን ግለት አይችልም። ደረቷ ላይ ተኮማትራ ካውያው ላይ ተጣበቀች። አለቀስኩ። ምልክቷን ፈትቼ የክር ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኳት። አሁንም እዚያው ናት።

ዛሬ የምጠግናት ኦልጋ ናት። ኦልጋ የሠራት ድርጅት ስም ነው፣ ድርጅቱን የጀመረችው ሴትዮም ስም ነው። ኦልጋ ኤርቴሼክ ፖላንዳዊት ነበረች፤ እናቷ ኮርሴት ሰፊ ነበረች። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሸሽታ ከባሏ ጋር ሎስ አንጀለስ ገባች፤ በ1941 በ10 ዶላር ጨርቅ ሥራ ጀመሩ። ማስታወቂያቸው "ከእያንዳንዱ ኦልጋ ጀርባ በእርግጥም አንዲት ኦልጋ አለች" ይል ነበር። ድርጅቱ ትርፉን ለሠራተኞቹ ያካፍል ነበር። ይህን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ደግሜ አነበብኩት።

የማታ ቀሚሶቿ ደረታቸው የሚለጠጥ ዳንቴል ነው፤ ከዚያ በታች ክሎሽ ናቸው። እንዴት ያለ ክሎሽ! ይቺን መሬት ላይ ስዘረጋት ወለሉን ሞላችው። ለብሼ ከኩሽና ወደ ሳሎን ስሄድ ከኋላዬ ትንሽ ዘግይታ ትከተለኛለች። በፊት ከሥራ ስመለስ በዚያው ሱሪዬ ሶፋው ላይ እተኛ ነበር፤ ክር ጉልበቴ ላይ እንደተጣበቀ። አሁን ገላዬን ታጥቤ እለብሳታለሁ። ሻይ አፈላለሁ። ማንም አይመጣም፣ ማንንም አልጠብቅም። ቤቴ እንደገባሁ ሰውነቴ ያውቀዋል።

እማዬ መጀመሪያ አልወደደችውም። "የማን እንደነበረ ሳታውቂ? የሞተ ሰው ቢሆንስ?" አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሚወጡት ባለቤቷ ካረፈች በኋላ ልጆቿ ቤት ሲያጸዱ ነው። አልዋሸኋትም። የተገለበጠውን ስፌት ፎቶ አንስቼ ላክሁላት እንጂ። ሁለት ቀን ዝም አለች። ትናንት ደወለች።

"ያቺ ዳንቴሏ... በ40 ቁጥር ትገኛለች?"

"እፈልጋለሁ እማዬ።"

"የማይቧጭር ይሁን። ሰማያዊ ከሆነ ደስ ይለኛል።"

ማንገቻዋን አሁን ጨረስኩት። ቀለሙ የሚገጥም ክር አጥቼ ሁለት ክር አንድ ላይ ገምጄ ነው የሰፋሁት። በብርሃን አየሁት፤ አይታወቅም። ነገ ሰኞ ነው፣ ስምንት ሱሪ ይጠብቀኛል። ልልበሳትና ልተኛ።