ድጎማው ሲነሣ፦ የኒው ዚላንድ ገበሬዎች
የመንግሥት ድጎማ ግብርናን ተወዳዳሪ ያደርጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከኒው ዚላንድ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም። ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ለሥጋና ለሱፍ ዝቅተኛውን ዋጋ ዋስትና ስለሰጠ፣ ገበሬው የገበያውን ፍላጎት ትቶ በጎቹን ማብዛት ላይ አተኮረ፤ በ1982 ቁጥራቸው 70 ሚሊዮን ያህል ደረሰ፣ ገዢ ያጣው ሥጋም ማዳበሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በ1984 ሥልጣን የያዘው የሌበር (የሠራተኛ) ፓርቲ መንግሥት ድጎማውን ከሞላ ጎደል ሲያስቀር የመሬት ዋጋ ወደቀ፣ የብድር ወለድ ናረ፣ ብዙ ቤተሰብም ተጨነቀ፤ ይህን ሥቃይ አቃልሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሆኖም መሬታቸውን የለቀቁት ከተፈራው እጅግ ያነሱ ነበሩ፤ የቀሩት በጎቻቸውን ቀንሰው የእያንዳንዱን በግ ምርት አሳደጉ፣ ብዙዎችም ወደ ወተት ከብት ዞሩ። ለምርምርና ለእንስሳት በሽታ ቁጥጥር የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ ግን አልተቋረጠም፤ እኔም የምደግፈው እንዲህ ያለውን ወጪ ነው።