የተለያዩ መጻሕፍትን ጎን ለጎን ያነበብሁበት ወር

ባለፈው ወር ንባቤን በአንድ ዘርፍ ሳልወስን፣ አንድ የደብዳቤዎች ስብስብ፣ አንድ የሕክምና ታሪክ፣ ስለ ሰውነት የመከላከል አቅም የሚያስረዳ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ፣ አንድ ረጅም ልብ ወለድና አንድ የግጥም መድበል ጎን ለጎን አነበብሁ። ይህን ያደረግሁት የመጻሕፍቱን ቁጥር ለማብዛት አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ታሪክ ብቻ ሳነብ ስለቆየሁ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ እየተመሳሰሉብኝ መጥተው ነበር፤ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣብኝ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።

አካሄዴ ቀላል ነበር። ትኩረት የሚጠይቀውን የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ጠዋት፣ አእምሮዬ ሳይደክም፣ እርሳስ ይዤ አነብ ነበር፤ ታሪኩንና ደብዳቤዎቹን ከሰዓት በኋላ፣ ልብ ወለዱን ደግሞ ማታ። ከግጥሞቹ በየዕለቱ ከአንድ በላይ አላነበብሁም፤ እሱንም ድምፄን አውጥቼ ደጋግሜ ነበር የማነበው። ለሁሉም አንድ ደብተር መደብሁ። በግራው ገጽ መጽሐፉ የሚለውን በራሴ አነጋገር አሰፍራለሁ፣ በቀኙ ገጽ ደግሞ መጽሐፉ ያልመለሰልኝን ጥያቄ እጽፋለሁ። ወሩ ሲያልቅ መለስ ብዬ ስመለከተው፣ መጻሕፍቱን እርስ በርስ ያያያዛቸው ይህ የቀኝ ገጽ ነው።

ነገሩ በግልጽ የታየኝ በፈንጣጣ ጉዳይ ነው። የደብዳቤዎቹ ጸሐፊ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ ናት። እ.ኤ.አ. በ1717፣ ባሏ በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ሳለ፣ ከኦቶማኗ ከተማ ከኤዲርኔ ለአንዲት ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ፈንጣጣ ስለሚከትቡ አሮጊቶች ትተርካለች። የበጋው ሙቀት ሲበርድ ሰዎች ለዚሁ ጉዳይ ይሰባሰባሉ፤ አሮጊቷ በለውዝ ቅርፊት የፈንጣጣ መግል ይዛ ትመጣለች፤ በመርፌ ራስ ላይ ሊያርፍ የሚችለውን ያህል ብቻ በደም ሥር ውስጥ ታስገባና ቁስሉን ባዶ ቅርፊት ደፍታ ታስረዋለች። ደብዳቤው ሕይወት ያለው የሆነው ጸሐፊዋ ወንድሟን ፈንጣጣ የነጠቃት፣ የራሷንም መልክ ያበላሸባት ሴት በመሆኗ ይመስለኛል። በኋላ ወንድ ልጇን በቁስጥንጥንያ አስከተበች፤ በ1721 ደግሞ ለንደን ውስጥ ሴት ልጇን ሐኪሞች ባሉበት አስከተበች።

ደብዳቤዋ በዚህ ክትባት የሞተ ሰው የለም ትላለች። በቀኙ ገጽ «እውነት ማንም አልሞተም?» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ ከታሪክ መጽሐፉ መጣ። በዚያው በ1721 ቦስተን ከተማ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ሐኪሙ ዛብዲየል ቦይልስተን ሰዎችን ከትቦ ውጤቱን በቁጥር መዝግቦ ነበር። ከተከተቡት ከመቶ ወደ 2 የሚጠጉት ሞቱ፤ በሽታው እንዲሁ ከያዛቸው ግን ከመቶ ወደ 14 የሚጠጉት። የደብዳቤዋ ብሩህ ተስፋ በቁጥሩ ተቀነሰ፤ የክትባቱ ጥቅም ግን አልተሻረም፣ እንዲያውም ልኩ ታወቀ። ሁለቱን ለየብቻ ባነብ ኖሮ አንዱን አምኜ እቀመጥ ነበር።

ከዚሁ የታሪክ መጽሐፍ ልቤን የነካው የኦኔሲመስ ነገር ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተወስዶ ቦስተን ይኖር የነበረው ይህ ሰው፣ በአገሩ ፈንጣጣን በዚህ መንገድ እንደሚከላከሉትና እሱም ራሱ እንደተከተበ ከዓመታት በፊት ለጌታው ለኮተን ማዘር ነግሮት ነበር። ማዘር ይህን ይዞ ነው ሐኪሞቹን የወተወተው። የሞንታጉን ቃል ከራሷ ብዕር እናገኘዋለን፤ የኦኔሲመስን ግን ከጌታው ጽሑፍ ብቻ ነው። የኤዲርኔዋ አሮጊት ስሟ እንኳ አልተጻፈም። የደብዳቤ ስብስብን በምንወድበት መጠን፣ ደብዳቤ የመጻፍ ዕድል ስላልነበራቸው ሰዎች መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

የሥነ ሕይወት መጽሐፉ ሁለቱም ያልነገሩኝን አስረዳኝ። ቫይረሱ እንደ ልማዱ በመተንፈሻ አካል ሳይሆን በቆዳ ሲገባ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል፤ ሰውነትም ወራሪውን የሚያስታውሱ የደም ሕዋሳት ያፈራል። የተከተበው ሰው ግን የያዘው እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሆነ ወደ ጎረቤቱ ሊያስተላልፈው ይችላል። በ1796 ኤድዋርድ ጄነር ያመጣው ለውጥ ታላቅነቱ የገባኝ ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው፤ በላም ፈንጣጣ የተከተበ ሰው የሰውን ፈንጣጣ ለሌላ አያስተላልፍም፣ ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች በመሆናቸው ግን ሰውነቱ ሁለቱንም ለይቶ ያውቃል።

ስለ ልብ ወለዱና ስለ ግጥሞቹ የምለው አጭር ነው። ልብ ወለድ ተከታታይ ምሽቶች ይፈልጋል፤ ቀናት እያለፉት የተነበበ እንደሆነ የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ከጆሮ ይጠፋል። ግጥም ግን የቀን ክፍተት አይጎዳውም፤ ጠዋት ያነበብሁት ስንኝ ማታ ሳላስበው ሲመጣልኝ ፍቺው እየሰፋ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእንግዲህ ቅደም ተከተሉን አውቄ እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ በጉዳዩ ውስጥ የነበረ ሰው የጻፈውን፣ ቀጥሎ ቁጥርና ማስረጃ ያለውን ታሪክ፣ ከዚያ ሳይንሱን። ሳይንሱን ቀድሜ ሳነብ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ እንጂ ለምን እንደሚያስፈልጉኝ አይገባኝም። የሚቀጥለው ወር ርእስም ከደብተሩ ቀኝ ገጽ ወጥቷል። የታሪክ መጽሐፉ የሚያበቃው በአሊ ማው ማሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው፣ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ። ድኖ ከዓመታት በኋላ በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ውስጥ ሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲያውጅ ፖሊዮ ግን እስካሁን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ለምን የሚለውን ቤት ለቤት እየዞረ ሲከትብ በኖረ ሰው ማስታወሻ እጀምራለሁ።